ወደ ጢሮስ ባሕር ከመሄዳችን በፊት

(በሰኔ ወር ከቅዳሴ በኋላ ለእህቶች የተሰጠ ምክር፤ በዕለቱ ላልነበሩት እንዲደርስ ተጽፎ የቀረበ)

 

የባሕር ጉዞው ማስታወቂያ ከተነገረ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። «ስንት ይፈጃል?» «ኢቃማዬ አልቋል፤ መምጣት እችላለሁ?» «ዋና አልችልም፤ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» «ሐበሻ አይገባም ብለው ቢመልሱንስ?» አንዷ እህታችን ደግሞ «ቤሩት ሰባት ዓመት ስኖር ባሕሩን የማውቀው ከማዳም በረንዳ ላይ ሆኜ ነው» አለችኝ። ለእሷም ለሌሎቻችሁም የማውቀውን በተራ ልናገር። አንዳንዱን ከሰው ሰምቼ፣ አንዳንዱን ተሳስቼ የተማርኩት ነው።

ለምን ጢሮስ?

የምንሄድባትን ከተማ እዚህ ሱር ይሏታል። በመጽሐፍ ቅዱስ ጢሮስ የምትባለው እሷው ናት። ከቤሩት ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በመንገዱ እኩሌታ ላይ ሳይዳ አለች፤ እሷም የመጽሐፏ ሲዶና ናት።

የመረጥናት በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በከተማዋ ደቡብ በኩል ያለው ሰፊ የአሸዋ ዳርቻ የሕዝብ ነው፤ መግቢያ አይከፈልበትም። ሁለተኛ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዝ መርከቡ ጭነት ለማራገፍ የቆመው እዚያ ነው። ሰባት ቀን ከምእመናኑ ጋር ሰነበተ፤ ሲሄድም ወንዱም ሴቱም ሕፃናቱም ሸኝተውት በባሕሩ ዳር ተንበርክከው ጸለዩ። ቤታችሁ ስትገቡ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21ን አንብቡት። ሦስተኛው ምክንያት አባታችን አባ ሰላማ ናቸው፤ እሱን መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ።

ቀኑና ፈቃዱ

የመረጥነው ከሐምሌ 26 በፊት ያለውን እሑድ ነው። ያን ጊዜ የሐዋርያት ጾም ተፈትቷል፤ ፍልሰታም ገና አልገባችም። ቅዳሴ እንዳበቃ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት እንነሳለን፤ በስልካችሁ 9 ሰዓት ማለት ነው። ከባሕሩ 10 ሰዓት ተኩል እንነሳለን፤ ማታ 1 ሰዓት ቤሩት ለመድረስ። እሑድ ማታ ወደ ቤሩት የሚመለሰው መኪና ብዙ ስለሆነ መንገዱ ይዘጋጋል። ስለዚህ ለማዳም የመመለሻ ሰዓት ስትነግሪ 1 ሰዓት አትበዪ፤ 2 ሰዓት በዪ። ቀድሞ መድረስ ማንንም አያስቆጣም።

አሠሪ ቤት የምትኖሩ እህቶች፣ ፈቃዱን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ጠይቁ። ቅዳሜ ማታ እቃ እያጠባችሁ «ነገ ሱር ልሂድ?» ብትሉ መልሱ ይታወቃል። ማዳም ረጋ ባለችበት ሰዓት፣ ከማን ጋር እንደምትሄዱ፣ ወዴት እንደሆነና መቼ እንደምትመለሱ ባጭሩ ንገሯት። የእኔንም ስልክ ስጧት፤ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ከሰው አፍ ስትሰማ የምትለሰልስ ማዳም አጋጥማኛለች።

እዚህ ላይ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ከ2009 ጀምሮ በሊባኖስ የቤት ሠራተኛ የምትፈርመው የሥራ ውል በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ተከታታይ ዕረፍት እንዳላት ይናገራል። ዕረፍቱን እንዴት እንደምታሳልፈው ግን ከአሠሪዋ ጋር ተስማምታ ነው ይላል። ያቺ አንድ ዐረፍተ ነገር ናት ብዙዎቻችንን እቤት ያስቀረችን። ቢሆንም ዕረፍቱ በውሉ የተጻፈ ነው። ስትጠይቂ እንደ ለማኝ አትሽቆጥቆጪ፤ እንደ ባለ ጠብም አትቁሚ። የከለከለችሽ እንደሆነ በዚያ ቀን ጠብ አትክፈቺ፤ መጥተሽ ንገሪን፤ እንመካከራለን።

ወረቀት

አሁን ከባዱን ነገር ልናገር። በመንገዱ ላይ የጦር ሠራዊት ኬላ አለ። በሳይዳ መግቢያና ከሱር በፊት ባለው የሊጣኒ ወንዝ አካባቢ መኪና ያቆማሉ። ብዙ ጊዜ አይተው ያሳልፋሉ፤ አንዳንድ ቀን ግን ወረቀት ይጠይቃሉ።

ስለዚህ ያላለቀ ኢቃማ ያላት ዋናውን ትያዝ፤ ፎቶ ኮፒ ብቻ አይበቃም። ፓስፖርቱ አሠሪ ዘንድ ላለባት የፓስፖርቷ ኮፒ በስልኳም በወረቀትም ይኑራት። የአሠሪዋንና የቤተ ክርስቲያኑን ስልክ በወረቀት ጽፋ ትያዝ፤ ስልክ ባትሪው ያልቃል፤ ወረቀት አያልቅም።

ኢቃማዋ ያለቀባት ወይም ከአሠሪ ቤት የወጣች እህት በዚህ ጉዞ ላይ አትምጣ። ይህን ስል ልቤ ደስ ብሎት አይደለም። በከፋላ ሥርዓት ወረቀታችን በአሠሪ እጅ ነው፤ እሱ ካላሳደሰው የምትያዘው ግን አንቺ ነሽ። እኔም ሦስት ዓመት ያለ ወረቀት ኖሬአለሁ፤ የወታደር ልብስ ባየሁ ቁጥር ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር። ለአንድ ቀን ባሕር ብለሽ እስር ቤት መግባት የለብሽም።

ግን ማንም ብቻዋን አትቀርም። በዚያው እሑድ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ቡና ይፈላል፤ መዝሙርም ይኖራል። እኔ ዘንድሮ ከባሕሩ የምቀረው ለዚሁ ነው። ጉዞውን የሚመሩት ሌሎቹ እህቶች ናቸው። «አንቺ ለምን አልሄድሽም?» ብሎ መጠየቅ በመካከላችን ይቅር፤ ያልሄደችው ምክንያቷን ታውቀዋለች።

መንገዱ

አውቶቡስ ተከራይተናል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ይነሳል። ሌላ ጊዜ በራሳችሁ ለመሄድ ለምትፈልጉ ደግሞ፣ ከኮላ ድልድይ ሥር ወደ ሳይዳ የሚሄዱ ቫንና አውቶቡሶች አሉ። አንዳንዱ በቀጥታ ሱር ይሄዳል፤ ካልሆነ ሳይዳ ወርዳችሁ ሌላ ቫን ትይዛላችሁ። ሳትገቡ «ዓ ሱር? አዴሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። በግል መኪና ከሆነ «ሰርቪስ» ማለታችሁን አትርሱ፤ ዝም ብላችሁ ከገባችሁ በታክሲ ዋጋ ያስከፍላችኋል። ዋጋውን እዚህ ያልጻፍኩት ሊራው ከወደቀ ወዲህ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ነው። አጠገባችሁ የተቀመጠችውን ሴት ስንት እንደከፈለች ብትጠይቋት ትነግራችኋለች። ዝርዝር ገንዘብ ያዙ።

ብቻችሁን ባዶ ቫን ውስጥ አትግቡ። «ላድርሳችሁ፣ በነጻ ነው» የሚል ሰው መኪና ውስጥም አትግቡ። ከሁለት ሦስት መሆን ይሻላል፤ አንዷ ብትታመም አንዷ አብራት ትቆያለች፤ አንዷ እርዳታ ትጠራለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጢሮስ ለደቡቡ ድንበር ቅርብ ናት፤ በ2006ም በ2024ም በጦርነት ተመትታለች። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት የመንገዱን ነገር እናጣራለን። ጸጥታ ከሌለ አንሄድም። ማንም «ገንዘቤን ከፍያለሁ» ብላ እንዳትከራከር፤ የተከፈለው ለሌላ ቀን ይቀመጣል።

የትኛው ባሕር?

በዚህ አገር ባሕሩ ብዙ ቦታ ላይ አጥር አለው። ትኬት ቆርጠሽ የምትገቢባቸው መዝናኛዎች ናቸው። የዛሬ ስምንት ዓመት እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከወር ደመወዛችን ቆጥበን፣ ፀጉራችንን ተሠርተን አንዱ በር ላይ ሄድን። በረኛው አየንና «ከማዳም ጋር ናችሁ?» አለን። ብቻችንን መሆናችንን ነገርነው። «ሞልቷል» አለን። ከኋላችን የመጡት ገቡ። ያን ቀን የተመለስንበትን መንገድ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አንዳችንም አልተናገርንም።

በ2012 የአገሪቱ ቱሪዝም ሚኒስቴር በዘርና በዜግነት ሰው እንዳይከለከል ለባሕር መዝናኛዎች ሰርኩላር አውጥቶ ነበር። ሰርኩላሩ ወጣ ማለት ግን በረኛው ተለወጠ ማለት አይደለም። እኛ የምንሄድበት የሱር ዳርቻ በረኛ የለውም። አሸዋው ላይ በበጋ የሚተከሉ ድንኳን መሰል ምግብ ቤቶች አሉ፤ ወንበርና ጃንጥላ ያስቀምጣሉ። በእነሱ ወንበር ከተቀመጥሽ ይከፈላል፤ ስለዚህ ከመቀመጥሽ በፊት ዋጋውን ጠይቂ። የራስሽን ምንጣፍ በነጻው አሸዋ ላይ ካነጠፍሽ ግን ማንም አያስነሳሽም። ምንጣፍና ሁለት ጃንጥላ እኛ እንይዛለን።

ወደ ደቡብ ስትሄጂ ከ1998 ጀምሮ የተከለለ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ አለ። የባሕር ኤሊዎች በበጋ ሌሊት ወጥተው እንቁላላቸውን አሸዋ ውስጥ ይቀብራሉ። ምልክት የተደረገበት ቦታ ካያችሁ አትርገጡ፤ ቆሻሻችሁንም በላስቲክ ሰብስባችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። «ሐበሾች ነበሩ» ሲባል በመልካም ይሁን።

ሩቅ መሄድ ለማትችሉ በቤሩት ውስጥ ረምለት ኤል ባይዳ የሚባለው የአሸዋ ዳርቻ አለ፤ እሱም በነጻ ነው። ግን የፍሳሽ ቆሻሻ ስለሚገባበት ተቀምጣችሁ ንፋስ ተቀበሉበት እንጂ ውኃው ውስጥ አትግቡ።

ውኃው

ከዚህ በታች ያለውን ለመጡትም ላልመጡትም ደግማችሁ ንገሩልኝ። አብዛኞቻችን ደገኞች ነን፤ የምናውቀው ወንዝና ምንጭ ነው። ባሕር ወንዝ አይደለም። ላዩ ጸጥ ብሎ ታችኛው ወደ ውስጥ ይስባል።

በመጀመሪያው ጉዟችን አንዲት እህት ረጅም ቀሚሷን እንደለበሰች ገባች። ውኃው ገና ወገቧ ላይ ነበር። አንድ ማዕበል መጣና ጣላት፤ ቀሚሱ ውኃ ጠጥቶ ከበዳት፤ ስትነሳ ሁለተኛው ደገማት። እኛ ዳር ላይ ቆመን የምትጫወት መስሎን እንስቅ ነበር። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሮጦ ገብቶ በክንዷ ጎትቶ አወጣት። የሚሰጥም ሰው ሁልጊዜ አይጮህም፤ አፉ ውኃ ስለሚሞላ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ይህን ያወቅነው ያን ቀን ነው።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ፦

ዋና የማትችል ከጉልበቷ በላይ አትግባ። ጉልበት ድረስም ቢሆን ባሕር ባሕር ነው፤ እግርሽን ያቀዘቅዝልሻል፤ ማዕበሉም ይመጣልሻል።

ቀይ ባንዲራ ካለ ማንም አይገባም። አጠገባችን ያሉት ሰዎች ቢገቡም እኛ አንገባም።

ነጠላና ረጅም ቀሚስ አሸዋው ላይ ይቅር። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠበብ ያለ ሱሪና ቲሸርት ይበቃል።

በአየር የሚነፋ ጎማ ላይ አትመኩ፤ ንፋስ ወደ ውስጥ ይወስደዋል።

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ። ሁልጊዜ ሁለት እህቶች ዳር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ እነሱ ስልክ አይነኩም።

ውኃው ወደ ውስጥ ከሳበሽ ወደ ዳር ለመመለስ አትታገዪው፤ ጉልበትሽን ይጨርሰዋል። በጀርባሽ ተንሳፈፊ፤ አንድ እጅሽን አንሺ። መዋኘት ከቻልሽ ወደ ጎን፣ ከዳርቻው ትይዩ ዋኚና ስበቱ ሲለቅሽ ወደ ዳር ውጪ። ሌላዋ ስትሰጥም ያየች ደግሞ ዘላ አትግባ፤ የሚንሳፈፍ ነገር፣ ባዶ ጀሪካንም ቢሆን፣ ትወርውርላት፤ ሰው ትጥራ። ዋና ሳይችሉ ለማዳን መግባት አንዱን ሬሳ ሁለት ያደርጋል።

በሐምሌ አካባቢ አረቦቹ ቃንዲል የሚሉት፣ እንደ ላስቲክ ከረጢት ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ፍጥረት ይመጣል። ሲነካሽ እንደ ሳማ ይለበልባል። አትሺው፤ በባሕሩ ውኃ እጠቢው እንጂ በመጠጥ ውኃ አይደለም። የተጣበቀ ነገር ካለ በካርድ ጠርዝ ገፍተሽ አንሺው። መተንፈስ ካስቸገረሽ ግን ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 140፣ ሲቪል መከላከያ 125፣ ፖሊስ 112።

የምንይዘው

ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይ ጠንካራ ነው። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፤ ባርኔጣ ወይም ሻሽ ያስፈልጋል። እያንዳንዷ ሁለት ሊትር ውኃ ትያዝ።

ምግብ ስትሠሩ ሙቀቱን አስቡ። ወጥ እስከ ቀትር ይበላሻል። ደረቅ ፍርፍር፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ፍራፍሬ ጥሩ ነው። ያልተመቻት ሱር ደርሳ ማንኡሼ በዛዕተር ትገዛለች፤ ርካሽ ነው፤ ያጠግባል።

ወርቅና ብዙ ገንዘብ አትያዙ። ፎቶ ስትለጥፉ ደግሞ ጥንቃቄ አድርጉ። በፎቶው ውስጥ ያለችውን ሳትጠይቁ ቲክቶክ ላይ አታውጧት። ከመካከላችን አሠሪዋ እንዳያያት የምትሰጋ አለች፤ በፎቶ ምክንያት የተገኘች እህት አውቃለሁ።

ከአሸዋው ወደ ከተማው

ከቀትር በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ከተማዋን እንዞራለን። እዚያ ስንገባ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ደርቡ። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ በዓሣ አጥማጆቹ ወደብ አጠገብ ደግሞ ቤቶቹ ቀለም የተቀቡ የክርስቲያኖች ሰፈር አለ፤ አብያተ ክርስቲያናትም አሉበት። ሻማ ማብራት የምትፈልግ እዚያ ታበራለች።

ጢሮስ ጥንት ደሴት ነበረች። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ዓመት ሲከባት ከየብሱ እስከ ደሴቲቱ ድንጋይና አፈር ደልድሎ መንገድ ሠራ። በዘመናት ብዛት ባሕሩ በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ አሸዋ እየከመረ ከየብሱ ጋር አንድ አደረጋት። የሮማውያን ዘመን በርና የፈረስ መጋለቢያ ሜዳ ፍርስራሽ ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ ከተማዋም በ1984 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ፍርስራሹ ውስጥ ለመግባት ይከፈላል፤ ከፍላችሁ ባትገቡም ከውጭ የሚታይ አለ።

የጢሮስ ልጆች

አሁን ወደ ሦስተኛው ምክንያት ልምጣ። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ሊቅ ሁለት ዘመዶቹን ልጆች ይዞ በመርከብ ሄደ። ስማቸው ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ነው። በቀይ ባሕር ዳር ሰዎች መርከቧን አጠቁ፤ የነበሩትን ገደሉ፤ ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ሆነው ሲማሩ ተገኙና ተረፉ። ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ። ኤዴስዮስ የንጉሡ መጠጥ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስ የግምጃ ቤቱና የጽሕፈቱ ኃላፊ ሆነ።

እስቲ ልብ በሉ። ከዚህ አገር የሄዱ ልጆች ሳይወዱ በእኛ አገር ሰው ቤት አገለገሉ። ቋንቋውን አያውቁም ነበር፤ እናታቸው ሩቅ ነበረች። ንጉሡ ሊሞት ሲል ነጻ አወጣቸው። ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ እንዲቆዩላት ለመነቻቸው፤ ቆዩ። በኋላ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለኢትዮጵያ ጳጳስ እንዲሰጥ ቅዱስ አትናቴዎስን ጠየቀ፤ አትናቴዎስም እሱኑ ሾሞ ላከው። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸው እሳቸው ናቸው፤ መታሰቢያቸው ሐምሌ 26 ነው። ኤዴስዮስ ግን ወደ ጢሮስ ወደ ወላጆቹ ተመለሰ፤ በዚያም ካህን ሆነ። ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ እንደሰማው ይናገራል።

አንዱ በሰው አገር ቀረ፤ አንዱ አገሩ ገባ። ሁለቱንም እግዚአብሔር አልተዋቸውም። ከእኛም ውስጥ የምትቀር አለች፤ የምትመለስ አለች። በሰው ቤት ማገልገላችን ግን ማንነታችንን አይወስንም፤ የአባ ሰላማም ማንነት በንጉሡ ቤት አላለቀም።

ስለዚህ ያን አሸዋ ስትረግጡ አንገታችሁን አትድፉ። ተሸሽጋችሁ የገባችሁበት ቦታ አይደለም። 10 ሰዓት ላይ፣ ከመነሳታችን በፊት፣ ሁላችንም ከውኃው ወጥተን፣ ነጠላችንን አድርገን በባሕሩ ዳር እንጸልያለን። ያን ጊዜ ቆጠራ ይደረጋል፤ ስንት ሆነን እንደሄድን ስንት ሆነን እንደምንመለስ እንቆጥራለን። አንዲት ብትጎድል አውቶቡሱ አይነሳም።

ስማችሁን እስከሚቀጥለው እሑድ አስመዝግቡ። ለቡናው የምትቀሩትም ንገሩኝ፤ ስኳርና ቆሎ በልክ እንድገዛ።

ሄደን በሰላም እንድንመለስ፣ የቀሩትንም በሰላም እንድናገኛቸው፣ አገር ቤት ያሉትን እናቶቻችንንም እንዲጠብቅልን የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የአባታችን የአባ ሰላማ በረከት አይለየን። አሜን።